ሁለት ዓይን ያለው ካፒቴን

የባዩን አስከሬን ያገኘችው ሚስቱ እጅጋየሁ ናት። ጥር 18 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ከቅዳሜ እኩለ ቀን ጀምሮ ሳን ሆዜ ተቀጥራ አንዲት አሮጊት ስታስታምም አድራ፣ ኦክላንድ ከተማ ፍሩትቬል ሰፈር ወዳለው ቤቷ ተመለሰች። ባሏን ቤት ውስጥ ስታጣው በጓሮ ዞረችና ሥዕል የሚሠራበትን ጋራዥ ከፈተች። ሙቀቱ ፊቷን መታት። ባዩ ሶፋው ላይ በጀርባው ተኝቷል። የጋዝ ማሞቂያው ይነዳል፤ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቧንቧ ግን ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የመስኮቱ ክፍተት ሁሉ ባዩ ለሥራ በሚጠቀምበት የወረቀት ፕላስተር ታሽጓል።

እጅጋየሁ መጀመሪያ ማሞቂያውን አጠፋች። ቀጥላ በሩን በድንጋይ ደግፋ ከፈት አደረገችው። ስሙን የጠራችው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን በዚህ ቅደም ተከተል እንዳደረገችው ፖሊሶቹ ሲጠይቋት «እንጃ» ብቻ አለች።

በማግስቱ ጠዋት የባልና ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቄስ ጥሩነህ ለሸዋረጋ ደወሉላት።

ሸዋረጋ በአዲስ አበባ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍል አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታ በመቶ አለቅነት የወጣች ሴት ናት። አሁን ኦክላንድ መሀል ከተማ አንድ ትልቅ የልብስ መደብር ውስጥ፣ ገበያተኛ መስላ በተሰቀለው ልብስ መሀል እየተዘዋወረች ካልሲ በብብታቸው የሚደብቁ ሰዎችን ትይዛለች። ማዕረጓ ግን አልቀረም። ሰፈሩ ሁሉ መቶ አለቃ ይላታል፤ ገሚሱ በአክብሮት፣ ገሚሱ በቀልድ፤ እሷም ለሁለቱም እኩል አቤት ትላለች።

«መቶ አለቃ፣ ቀብሩ ሐሙስ ነው» አሉ ቄሱ።

«ሰምቻለሁ አባታችን። እግዚአብሔር ያጽናን።»

«ፖሊሶቹ ራሱን ሳያጠፋ አይቀርም ይላሉ። መስኮቱን አሽጎ፣ ቧንቧውን ነቅሎ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ብሩሹን አጥቦ ተኛ ነው የሚሉት። ፋይሉን ግን ገና አልዘጉም።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ የምለው የለኝም። ራሱን የገደለ እንደሆነ ፍትሐት ላደርግለት አልችልም፤ ያለ ጸሎት አፈር ይለብሳል። እጅጋየሁም ይህን ታውቃለች። ትናንት ማታ ‹ይፈታል ወይስ አይፈታም?› ብላ ጠየቀችኝ። ‹ጠብቂ› አልኳት። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም፤ ማልቀስ የሚገባት መሆኑን እንኳ እስኪነግሯት የምትጠብቅ ትመስላለች።»

«እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን አለን።»

«ሁለት ቀን ተኩል» አሉ ቄስ ጥሩነህ፤ ቅዳሴ ካልሆነ በቀር በሰዓት ጉዳይ ጥንቁቅ ናቸው።

ሸዋረጋ ከመደብሩ አለቃዋ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ ከሰዓት በኋላ ፍሩትቬል ደረሰች። ለቅሶኛው ሳሎኑን ሞልቶታል። እጅጋየሁ ጥግ ላይ ተቀምጣ መጤውን ሁሉ «ምሳ በላችሁ?» ትላለች፤ ሌላ ቃል አልነበራትም። ሸዋረጋ ሳመቻትና ጋራዡን እንድታሳያት ጠየቀቻት። ፖሊሶቹ ያሸጉትን በጠዋቱ ከፍተው ሄደዋል።

እዚህ ላይ ስለ ባዩ ሥራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ባዩ ከአባቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማረ ሰው ነበር። ኦክላንድ ከመጣ ጀምሮ የምግብ ቤት ምልክት ሲጽፍና የጭነት መኪና በር ሲቀባ ኖሮ፣ በቀደመው ዓመት ለየት ያለ ሥራ ገጠመው። ሮዴል የሚባል ሳን ሆዜ የሚኖር ፊሊፒናዊ፣ በማኒላ ወደብ ስላለው ወንጀል በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ ማለትም ኮሚክ፣ በሦስት መጽሐፍ ደርሶ ነበር። የሦስቱም ሽፋን አንድ እጅ የሠራው እንዲመስል ፈለገ። ባዩ ከመምሰልም አሳለፈው። ሽፋኖቹ ለየብቻ ሲታዩ ሦስት ሥዕል ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን አንድ ረጅም፣ ዝናብ የሚወርድበት የማኒላ መንገድ ይሆናሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከአንዱ ተነሥቶ ሁለተኛውን አቋርጦ ሦስተኛው ላይ ያልቃል። በሦስቱም ላይ የታሪኩ ክፉ ሰው፣ ጉቦኛው ካፒቴን፣ ይሄዳል።

ሦስቱ ሽፋኖች በወፍራም ካርቶን ላይ ተሥለው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። በመጀመሪያው ላይ አንዲት ዓሣ ሻጭ ሴት ፊት ለፊት ታያለች፤ ካፒቴኑ በጎኑ ዞሮ ሲጋራ ይለኩሳል። በሁለተኛው አንድ ሽማግሌ ሹፌር መኪናውን ተደግፎ ያያል፤ ካፒቴኑ በአጠገቡ በጎኑ ያልፋል። በሦስተኛው ካፒቴኑ ብቻውን መብራት ሥር ቆሞ፣ ዝናብ በጉንጩ እየወረደ፣ ተመልካቹን ፊት ለፊት ያፈጥጥበታል። የሚያምር ሥዕል ነው።

ሸዋረጋ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነሣችና እንደ ዳቦ ቁራጭ ጎን ጎናቸውን አየች። የመጀመሪያው ቀኝ ጠርዝ ግራጫና ጥቁር ቀለም ጠጥቷል። የሁለተኛው በግራም በቀኝም እንደዚያው ነው። የሦስተኛው ጠርዝ ዙሪያውን ነጭ ነው። መልሳ አስቀመጠቻቸው።

«እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«አጣብቆ ነው እትዬ» አለች እጅጋየሁ። «ሦስቱን አስጠግቶ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አንድ ላይ ይቀባል። ‹ዝናብ ድንበር አያውቅም› ይል ነበር። ሰዎቹን ኋላ ነው የሚጨምራቸው።»

ሸዋረጋ መስኮቱን አየች። ጥሩ አድርጎ የታሸገ መስኮት ነው። ከዚያ በሩ ሥር ጎንበስ አለች። ከበሩ በታች ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አለ፤ ፕላስተር አልነካውም።

«ሰሞኑን እንዴት ነበር?»

«ዝም ብሎ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ ጓደኛው ታደሰ ዘንድ ማውንቴን ቪው ሄዶ ከተመለሰ ጀምሮ። አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከሥራ ገብቼ ደክሞኝ ነበርና አልሰማሁትም፤ ‹ነገ ንገረኝ› አልኩት። ምን እንደጠየቀኝ አሁን ለማስታወስ ብሞክር ብሞክር...» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። «ምሳ በልተዋል?»

«በልቻለሁ። ባዩ መጠጥስ ይጠጣ ነበር?»

«ሁለት ብርጭቆ ካገኘ ይተኛል። ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ብቻውን ግን አይጠጣም።»

የሐኪሙ ወረቀት ባዩን የገደለው የጋዙ ጭስ መሆኑን፣ በደሙ ውስጥም መጠጥ መገኘቱን ይናገራል። የሞተበትን ሰዓት ግን ክፍሉ በማሞቂያው ስለጋለ መወሰን አልተቻለም።

ማክሰኞ ሸዋረጋ ሳን ሆዜ ወረደች። ሮዴል ቪዲዮ ካሴት ያከራያል። በሱቁ ያሉት አምስት ቴሌቪዥኖች በዚያን ቀን ጠዋት ሰው እንደያዘች ሰማይ ላይ የተቃጠለችውን የጠፈር መንኩራኩር ጭስ ደጋግመው ያሳያሉ። ሮዴል ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያያል፤ ድምፁን ዘግቶታል። በጓዳ በኩል ኔስቶር የሚባለው፣ የኮሚኩን የውስጥ ገጾች የሚሥለው ሰው፣ ሳያይ ሳይሰማ ይሥላል።

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር። የሸዋረጋ እንግሊዝኛ በሱቅ ጥበቃ የተለማመደችው ስለሆነ «ቦርሳውን ይክፈቱ» ለማለት የሚወዳደራት የለም፤ ለሌላው ሁሉ ቀስ ትላለች። ቀስ ማለቷ ሰውን ያናግራል።

«ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሱ ዘንድ ነበርኩ» አለ ሮዴል። «ጮኼበትም ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሰኞ ይጠብቀን ነበር፤ ሦስተኛው ሽፋን ግን መንገዱና ዝናቡ ብቻ ነበር ያለቀው። የካፒቴኑ ቦታ ባዶ ነበር፤ ጭንቅላቱ እንደ እንቁላል ተከቦ፣ በቃ። ‹ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?› አልኩት። ‹ሌሊቱን ሙሉ› አለኝ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ ወጣሁ።»

«የካፒቴኑ ፊት እንዴት ይሆን ነበር?»

«እንደ ወትሮው ነዋ።»

«ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን አይተሃል?»

«አላየሁም። ለቅሶ ሄጄ ስለ ሽፋን ልጠይቅ?» ሮዴል መነጽሩን አወለቀ። «ያንን ሌሊት የት ነበርክ ካልሽኝ፣ እዚሁ። ብቻዬን። ካሴት ሳጠነጥን።»

ኔስቶር ብዕሩን ሳያስቀምጥ ተናገረ፦ «እኔን ጠይቂኝ እንጂ። የጠላሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ጠላኸው?»

«ሽፋኑ የእኔ መሆን ነበረበት። ሦስት መቶ ገጽ ሥያለሁ። እሱ ሦስት ሽፋን ሠርቶ ሮዴል ላይ አስማት አደረገበት። ከዚያ በሽፋኑና በውስጡ ያለው ካፒቴን አንድ ይሁን ተብሎ አሥራ አንድ ገጽ እንደገና ሣልኩ። ፊቱን ሁሉ ወደ ጎን ማዞር ነበረብኝ።» ብዕሩን ቀለም ነከረና «ከተዞረ በኋላ የተሻለ ሆነ» አለ። «ይሄ ነው ያናደደኝ።»

«ቅዳሜ ሌሊትስ?»

«ተኝቼ ነበር። ምስክር የለኝም። ምስክር ቢኖረኝ ሠዓሊ እሆን ነበር?»

ሸዋረጋ ፈገግ አለችና ወጣች። ቴሌቪዥኖቹ አሁንም ያንኑ ጭስ ያሳያሉ።

ረቡዕ ጠዋት ማውንቴን ቪው ነበረች። ታደሰ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥቶ የቀረ፣ ቃላቱን እንደ ሸሚዝ ተኩሶ የሚያወጣ ሰው ነው። በአንድ የኮምፒውተር ኩባንያ የሥዕልና የንድፍ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ይሠራል፤ ሰሞኑን ደግሞ በአቅራቢያው ባለ ኮሌጅ በማታ ሥዕል እንዲያስተምር ተቀጥሯል። ባዩን ከሮዴል ጋር ያገናኘው እሱ ነው። ሽፋኖቹ ላይ የሚገባውን ርዕስና ጽሕፈት የሚያሰናዳውም እሱ ስለሆነ የሦስቱም ንድፍ ግልባጭ በእጁ ነበር።

«ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ እርስዎም ደከሙ» አላት። «ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ያሳዝናል፣ ግን ግልጽ ነው። ዲፕሬስድ ነበር፤ ተስፋ ቆርጦ ነበር።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተያያችሁ?»

«ባለፈው ሳምንት፣ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሜ እኮ ሳን ሆዜ የመንግሥቴ ልጅ ሠርግ ነበር፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መድረኩን የመራሁት እኔ ነኝ። እስኪነጋ አልተቀመጥኩም። እዚያው አድሬ በቀጥታ ቅዳሴ ሄድኩ። እርስዎም ሠርጉ ላይ ነበሩ መሰለኝ።»

«ነበርኩ። ‹ሙሽራው ንግግር ያድርግ› እያሉ ለራስዎ ሦስት ጊዜ ንግግር አደረጉ።»

ታደሰ ሳቀ። «ሙሽራው ዓይን አፋር ነው።»

«ሦስተኛውን ሽፋን አይተውታል?»

«ሰኞ ከለቅሶኛ ጋር ገብቼ አየሁት። የሕይወቱ ምርጥ ሥራ ነው። ምን ልበልዎት፣ ባዩ ጥሩ እጅ ነበረው፤ ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የመጣ ሰው ነው፣ አናቶሚ፣ የሰውነት አሠራር፣ አልተማረም። ካፒቴኑን ሁልጊዜ በጎን ነው የሚሥለው። ጠንካራ የወንድ ፊት፣ ፊት ለፊት መሣል ይከብደው ነበር። በመጨረሻዋ ሌሊት ግን ቻለው። ሰው አንዳንዴ ሊሞት ሲል ነው የሚበረታው።»

«ይባላል» አለች ሸዋረጋ።

በዚያ ጠዋት ስልክ ሁለት ጊዜ ደወለች። አንዱ ለቄስ ጥሩነህ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት እሑድ ባዩና ታደሰ ሲነጋገሩ አይተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ከስልኩ በኋላ ታደሰ በማታ እንዲያስተምር ወደተቀጠረበት ኮሌጅ በእግሯ ሄደች፤ ሩቅ አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ የአዳዲስ መምህራን ሥራ ተሰቅሏል። የባዩ የመጀመሪያና ሁለተኛ ሽፋን የፎቶ ቅጂዎች በመስታወት ውስጥ ነበሩ። ከሥራቸው የተጻፈው ስም የባዩ አልነበረም።

«የአገርሽ ሰው ነው?» አለቻት አዳራሹን የምትጠብቀው ሴት። «ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ ሌላ የአገርሽ ሰው መጥቶ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እዚህ ቆመ። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።»

ሁለተኛው ስልክ ለፖሊሱ መርማሪ ለሳጅን ፖላክ ነበር።

በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለቅሶ ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቷል። ሸዋረጋ ለቅሶኛውን አመስግና ወደ ውጭ አስወጣችና ስድስት ሰው አስቀረች፦ እጅጋየሁን፣ ቄስ ጥሩነህን፣ ሮዴልን፣ ኔስቶርን፣ ታደሰንና በር አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን የሚያየውን ሳጅን ፖላክን። ሦስቱን ሽፋኖች በጨርቅ ሸፍና የሳሎኑ ሶፋ ላይ ደርድራቸዋለች። ፖላክና ሁለቱ ፊሊፒናውያን እንዲሰሙ በእንግሊዝኛ፣ እጅጋየሁና ቄሱ እንዲሰሙ ደግሞ በአማርኛ ተናገረች፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ተባለ።

«ከመስኮቱ ልጀምር» አለች። «ራሱን ሊያፍን የፈለገ ሰው መስኮቱን ይህን ያህል ተጠንቅቆ አሽጎ፣ የበሩን ሥር ለምን ተወው? ፕላስተሩ እኮ አላለቀም፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጥቅል አለ። የበሩን ሥር ከውስጥ ማሸግ የማይችል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በበሩ የሚወጣ ሰው ነው።»

ቄስ ጥሩነህ ቀና አሉ። እጅጋየሁ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሁለተኛ። ባዩ ብቻውን አይጠጣም። ሲጠጣ ይተኛል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጠርሙስ ይዞ መጣ። ባዩ ሲተኛ መስኮቱን አሸገ፣ ቧንቧውን ነቀለ፣ ሄደ። ማን? መቼ?»

ጨርቁን ገፈፈችው። ሮዴል ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይሄ የእሱ አይደለም» አለ።

«እንዴት?»

«ካፒቴኑ ሁለት ዓይን አለው።»

«አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ያስዞረኝ ሰው» አለ ኔስቶር፣ «ሽፋኑ ላይ እንዲህ አያደርግም።»

«ለሳጅኑ ልንገረው» አለች ሸዋረጋ። «በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ኃጥእ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ዲያብሎስ፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ሁሉ። ተመልካቹ ከክፉ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይገጣጠም ነው ይላሉ አባቶች። ባዩ ሦስቱን ሽፋን ያስተሣሠረው በሽቦውና በዝናቡ ብቻ አይደለም። ዓሣ ሻጯ ሁለት ዓይን አላት። ሹፌሩም። ካፒቴኑ አንድ። ሮዴል ይህን ያውቅ ነበር፤ ባዩ ነግሮታል። ኔስቶርም ያውቃል፤ አሥራ አንድ ገጽ ከፍሎበታል። ከሁለቱ አንዱ ይህን ሽፋን ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ካፒቴኑ ዛሬም በጎኑ ቆሞ ነበር።»

«ምናልባት ባዩ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል» አለ ታደሰ በጸጥታ። «አርቲስት ሐሳቡን ይቀይራል።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፤ ስለዚህ ጠርዙን አየሁ። ባዩ ሦስቱን ካርቶን አጣብቆ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይቀባል። ቀለሙ በመገጣጠሚያው ይገባል። የመጀመሪያው ጠርዝ ቀለም ጠጥቷል፤ የሁለተኛው ሁለቱም ጠርዝ ጠጥቷል። ሦስተኛው ነጭ ነው። ይህ ካርቶን ከወንድሞቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተሠርቶ አያውቅም። ሌላ ቦታ፣ ለብቻው፣ ከንድፉ ግልባጭ ላይ የተሠራ ነው። ንድፉ ላይ ደግሞ የካፒቴኑ ጭንቅላት እንቁላል ስለነበር ፊቱን ሠሪው ከራሱ ጨመረ።»

ሳጅኑ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«አሁን እንጠይቅ። ያለቀ ሥዕል አምጥቶ ባላለቀው መቀየር ለማን ይጠቅማል? ሮዴል ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥዕሉ ሳያልቅ አይቶታል፤ ባዩም ሌሊቱን ሙሉ እንደሚፈጅ ነግሮታል። እሑድ ያለቀ ሥዕል ሲገኝ ሁላችንም ባዩ እስከ ሌሊት ድረስ በሕይወት ነበረ አልን። ምስክር ለሌለው ለሮዴል ይህ አይጠቅመውም። ለኔስቶርም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሦስት መቶ ሰው ፊት መድረክ ላይ ለነበረ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ መጥቶ፣ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቶ፣ ሠርጉ ላይ ለመድረስ ጊዜ አለው።»

ማንም ወደ ታደሰ አላየም። ከማየት ይልቅ ያስታውቅ የነበረው ይህ ነው።

«ወይዘሮ ሸዋረጋ» አለ ታደሰ፣ «ጓደኛዬ ነው የሞተው።»

«ጓደኛዎ ነበር። ሽፋኖቹን ኮሌጅ ውስጥ በስምዎ ሰቅለው መምህርነት ያገኙበት ጓደኛዎ። ባዩ በዓይኑ አይቷል። በማግስቱ እሑድ ምን እንዳለዎት አባታችን ሰምተዋል።»

ቄስ ጥሩነህ ወደ መሬት እያዩ ተናገሩ። «‹ስምንት ቀን ሰጥቼሃለሁ፤ አንተው ንገራቸው› ሲለው ሰማሁ። የተዋሰው ዕቃ መስሎኝ አለፍኩ።»

«ስምንት ቀን ሰጠው» አለች ሸዋረጋ። «ጨዋ ሰው ስለነበር ወዲያው አላዋረደውም። ታደሰም በጊዜው ተጠቀመበት። ተቀምጦ ሥዕሉን ሠራ።»

ሳጅን ፖላክ ከበሩ ውጭ ካቆመው ባልደረባው ጠፍጣፋ ጥቅል ተቀብሎ ፈታው። መንገድ ነበረበት፣ ዝናብ ነበረበት፣ ሽቦው እስከ ግማሽ ሄዶ ነበር። መሀሉ ላይ አንድ ባዶ እንቁላል። ሸዋረጋ ከሁለተኛው ሽፋን ጎን ስታስጠጋው ቀለም የጠጣው ጠርዝ ከጠርዙ ጋር ገጠመ።

«ኩባንያው ፈቅዶልን ከሰዓት በኋላ ከቢሮህ የሥዕል መሳቢያ ያወጣነው ነው» አለ ሳጅኑ።

ሸዋረጋ ታደሰን በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው፦

«ለምን አላቃጠሉትም?»

«ደህና ሥዕል ነው» አለ።

ከዚያ ዓሣ ሻጯን አየ፤ ሹፌሩን አየ። «ስለማይችል መስሎኝ ነበር» አለ። «በጎን የሚሥለው ስለማይችል መስሎኝ ነበር። አስተካከልኩት ብዬ ነው።»

«በአባትዎ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን አልነበረም?»

«ነበረ። ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም።»

ሳጅኑ ይዞት ሲወጣ ግቢው ውስጥ ያሉት ለቅሶኞች መንገድ ለቀቁ። አንዳንዶቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «ነፍስ ይማር» አሉት፤ እሱም ከልማድ «አሜን» አለ።

ሮዴል ያላለቀውን ካርቶን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ኔስቶር አንዴ እንቁላሉን፣ አንዴ የራሱን እጅ አየ። «ባዶውን እንተወው» አለ። «በዚሁ ይታተም።» ሮዴል በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ቄስ ጥሩነህ እጅጋየሁ ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ ነገ በአራት ሰዓት እንፈታዋለን። ሙሉ ፍትሐት ነው።»

«እሺ አባ።»

«ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ። በአራት ሰዓት።»

ሰዉ ሲመለስ ሳሎኑ እንደገና ሞላ። ሸዋረጋ ካፖርቷን ስትለብስ እጅጋየሁ ተከትላት እስከ በሩ መጣች።

«እትዬ፣ ሰው ገደለው ሲሉኝ ደስ አለኝ» አለች። ድምፅዋ የአውቶቡስ ሰዓት የምትጠይቅ ሴት ድምፅ ነበር። «ባሌን ሰው ገደለው፤ እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«ዛሬ አትጠይቂ። ካስቀበርን በኋላ ትጠይቂያለሽ።»

እጅጋየሁ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ሺፍት አለኝ» አለች። «ኮል ማድረግ አለብኝ።»

ወደ ስልኩ ሄደችና ሳን ሆዜ ደወለች። ወዲያ ማዶ ሲነሣ በእንግሊዝኛ «ነገ አልመጣም» አለች። ለምን ብለው ጠየቋት መሰለኝ፣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ቀፎውን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ከእሑድ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።